የዘረመል ልዩነት እና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ጡንቻ ለክብደት ልምምድ የሚሰጠው ምላሽ

የቦሌዋ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። የ71 ዓመት እናቴና ታላቅ እህቷ ካለፈው መስከረም ጀምሮ በአንድ አሠልጣኝ ሥር በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት ያነሣሉ። የአክስቴ ጭን በዓይን በሚታይ ሁኔታ ሲዳብር፣ የእናቴ ግን በልብስ ስፌት ሜትር ስንለካው ያው ነው። አሠልጣኙ «የዘር ጉዳይ ነው» በማለት ምራቋ ወደ ውጭ አገር ተልኮ የዘረመል ምርመራ እንዲደረግላት መክሮናል፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ውጤቱ ልምምዱን እንድትቀጥል ወይም እንድታቆም ለመወሰን ይረዳናል?

የባዮሎጂ መምህር፦
የዘር ድርሻ መኖሩ አያጠራጥርም። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት 585 ወጣቶች ለ12 ሳምንት አንድ ዓይነት የክንድ ልምምድ ሠርተው፣ የጡንቻቸው መጠን በአንዳንዶቹ 2 በመቶ ያህል ሲቀንስ በሌሎቹ እስከ 59 በመቶ አድጓል። እህትማማቾችም ቢሆኑ በአማካይ የሚጋሩት የዘረመል ልዩነታቸውን ግማሽ ያህል ብቻ ነው።

ችግሩ ይህን ሁሉ በአንድ ጂን ለማስረዳት ሲሞከር ነው። የንግድ ምርመራዎች የሚያዘወትሩት ኤሲቲኤን3 በፍጥነት በሚኮማተሩ የጡንቻ ክሮች ውስጥ የሚገኘውን አልፋ-አክቲኒን-3 የተባለ ፕሮቲን የሚያሠራ ጂን ሲሆን፣ ከሁለቱም ወላጆች የማይሠራውን ቅጂ የወረሰ ሰው ፕሮቲኑ ጨርሶ ባይኖረውም ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እንዲህ ያሉ ሰዎች በኢትዮጵያውያን ዘንድ 11 በመቶ፣ በኬንያውያን ዘንድ 1 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ሆኖም ጂኑ ከሁለቱ አገሮች የረጅም ርቀት ሯጮች ብቃት ጋር ግንኙነት አልተገኘለትም። (ሯጮቻችንን በአንድ ጂን ለማስረዳት ለሚቸኩሉ ሁሉ ይህን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።) በአረጋውያን የክብደት ልምምድ ላይ ደግሞ ስለዚህ ጂን የተደረጉት ጥናቶች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ስለዚህ ገንዘቡን ባያወጡት እመርጣለሁ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦
እኔ ደግሞ ሜትሩን አላምነውም። ጡንቻ ሲጨምር ስቡ ከቀነሰ የጭን ዙሪያ ሳይለወጥ ሊቀር ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገኘው ጉልበትም በአብዛኛው የሚመጣው ነርቭ ጡንቻን በተሻለ ማዘዝ ስለሚጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በቦስተን የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ 90 ዓመት ገደማ የሆናቸው ሰዎች ለ8 ሳምንት ከባድ ክብደት አንሥተው፣ ልምምዱን የጨረሱት 9 ሰዎች የእግር ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ሲጨምር የጭናቸው ጡንቻ ስፋት ግን የጨመረው 9 በመቶ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት የአረጋውያኑን የጡንቻ መጠን፣ ጉልበትና ከወንበር የመነሣት ፍጥነት አብሮ ሲመረምር፣ በሁሉም መለኪያ ሳይሻሻል የቀረ አንድም ሰው አላገኘም።

እናትዎ ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ከወንበር እንደሚነሡ ይቁጠሩና በየወሩ ይመዝግቡት። የሚያነሡት ክብደት ከመስከረም ወዲህ ጨምሯል? ጾም ላይስ ምን ይመገባሉ?

የቦሌዋ ልጅ፦
አመሰግናለሁ። አክስቴ በየጊዜው ጨምራለች፤ እናቴ ግን ትከሻዋን ስለሚያማት ሁሉንም እንቅስቃሴ በጀመረችበት 2 ኪሎ እንደቀጠለች ነው። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆይና ጥቂት ሽሮ በእንጀራ ትበላለች።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦
እንግዲያው ሁለቱ እህትማማቾች አንድ ዓይነት ልምምድ አልሠሩም፤ ስለ ዘር ለመነጋገርም ጊዜው ገና ነው። ትከሻቸው በሐኪም ይታይ፤ እግራቸውን ግን መጠበቅ አያስፈልገውም። 12 ጊዜ ያለ ብዙ ድካም ከሠሩ ክብደቱ በጥቂቱ ይጨመር። ኩላሊታቸው ጤነኛ ከሆነ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። በጾም ቀን ይህ በጥቂት ሽሮ ብቻ ስለማይሞላ ምስር፣ ባቄላና ኦቾሎኒ ይጨመርበት።