ጉበት የተተከለላት ልጅ ክትትል፦ ኢንዛይሞቹ ጥሩ ከሆኑ ሌላ ምርመራ ለምን?

ጥያቄ (አባት፣ ሐዋሳ)፦ ልጄ አብሯት በተወለደ የሐሞት ቱቦ መዘጋት ምክንያት ከአራት ዓመት በፊት ሕንድ አገር ከእናቷ ጉበት ተከፍሎ ተተክሎላታል። የጉበቷን ጤና የሚያሳዩት የደም ምርመራዎች፣ ኢንዛይሞቿና ቢሊሩቢኗ፣ ጥሩ ሆነው ሳለ፣ ሐኪሟ የጉበት መጠጠርን የሚለካ አልትራሳውንድ ማዘዙ ግራ አጋብቶኛል። ሰውነቷ የተተከለውን ጉበት እንዳይቃወም የበሽታ መከላከያዋን ለማዳከም የምትወስደው መድኃኒት፣ የታክሮሊመስ፣ መጠንም ባለፈው ወር በደሟ ውስጥ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

መልስ (የሕፃናት ሐኪም)፦ ትእዛዙ ተገቢ ነው። የተተከለ ጉበት ኢንዛይሞቹ ሳይጨምሩ ለዓመታት ቀስ በቀስ ጠባሳ እያበጀ ሊጠጥር ስለሚችል፣ አንዳንድ ማዕከላት ልጁ ምንም ሳያመው እንኳ ከጉበቱ ናሙና ይወስዳሉ። ታክሮሊመስ ኩላሊትንም ሊጎዳ ስለሚችል ክሬያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና የደም ግፊት አብረው ይታዩ። ለመሆኑ ደሟ የተቀዳው የጠዋቱን መድኃኒት ከመዋጧ በፊት ነበር? የታክሮሊመስን መጠን ከፍ ሊያደርጉ የሚችሉ እንደ ክላሪትሮማይሲን (ፀረ ባክቴሪያ) ወይም የፈንገስ መድኃኒትስ ወስዳ ነበር?

አባት፦ ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ መድኃኒት አልወሰደችም፤ ነገር ግን ወረፋው ስለረዘመና ሰዓቷ እንዳያልፍ ስለፈራን፣ ካፕሱሉን ኮሪደር ላይ ውጣ ነው የተቀዳችው።

ሐኪሙ፦ እንግዲያው ከፍ ያለው መድኃኒቱን ገና እንደዋጠች ስለተቀዳች ሊሆን ይችላል፤ ከመዋጧ በፊት ተቀድታ ምርመራው ይደገም እንጂ መጠኑን በራስዎ አይቀንሱ።

መልስ (የሌላ ልጅ እናት)፦ እኛም እንዲሁ ተሸውደን ነበር። አሁን የጠዋቱን መድኃኒት በትንሽ ፌስታል ቋጥሬ እይዝና መርፌው ከወጣ በኋላ እዚያው ትውጣለች። ደግሞም የቤት ለቤት ዘመቻ ሲመጣ፣ በአፍ የሚሰጠውን የፖሊዮ ክትባትም ሆነ የኩፍኙን፣ ሕያው ተሕዋስ ስላለባቸው፣ ሐኪሟን ሳያማክሩ እንዳያስከትቧት።