ሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ላይ የኢንክሉድ (#include) ቅደም ተከተል ለውጥ ያመጣል እንዴ?

ጠያቂ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አንድ የሲ ፕሮጀክት ላይ ኢንክሉዶቹ (ሌላ ፋይል የሚያስገቡት መስመሮች) ዝርክርክ ብለውብኝ በፊደል ተራ ደረደርኳቸው፣ ሌላ ምንም አልነካሁም፣ ከዛ ኮምፓይል ሳደርገው ኤረር በኤረር ሆነ፣ ዩኢንት32_ቲ (uint32_t፣ ባለ 32 ቢት ቁጥር) የሚባል ታይፕ አላውቅም ይለኛል። ወደ ድሮው ስመልሰው ደግሞ ይሰራል። እናንተ በምን ህግ ነው የምትሄዱት?

መልስ 1፦
ወንድሜ ጥፋቱ የተራው አይደለም። ከሄደሮችህ (በኢንክሉድ ከሚገቡት .h ፋይሎች) አንዱ ዩኢንት32_ቲን እየተጠቀመ ታይፑ የተገለጸበትን ስቲዲኢንት.ኤችን (stdint.h) ራሱ አላስገባም፣ እስከዛሬ ከሱ በላይ ያለ ሌላ ሄደር ይዞለት ስለሚመጣ ነው የሰራልህ። ኢንክሉድ እኮ የፋይሉን ጽሁፍ እዛው ቦታ ላይ መለጠፍ ነው፣ ከላይ የገባው ለታቹ ይተርፋል። ለዚህ ነው ለምሳሌ ሴንሰር.ሲ ውስጥ መጀመሪያ የራሱ ሄደር ሴንሰር.ኤች ይግባ የሚባለው፣ ከሱ በፊት ምንም ስለሌለ የጎደለው ካለ እዛው ይጮሃል። ከዛ የሲስተሙ፣ ከዛ የላይብረሪው፣ ከዛ የፕሮጀክትህ።

መልስ 2፦
እስማማለሁ ግን የሁሉም ቤት ህግ አይደለም። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ሰርቨር ኮድ ላይ መጀመሪያ የሚገባው ፖስትግሬስ.ኤች ነው፣ ጊትም (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው) የራሱን የኮምፓቲቢሊቲ ሄደር ነው የሚያስቀድመው፣ ምክንያቱም እንደ _ጂኤንዩ_ሶርስ አይነት ማክሮ (ሲስተም ሄደሮቹ የትኞቹን ነገሮች እንደሚያሳዩ የሚወስን ስም) ከሲስተም ሄደሮቹ በፊት ካልተጻፈ ዋጋ የለውም። መጀመሪያ የገባህበትን ፕሮጀክት ልማድ እይ።

መልስ 3፦
እኔ የምጨምረው ሄደር ውስጥ የማያስፈልግ ነገር አታስገቡ ነው፣ በጣም የሚያሳዝነኝ ወደ ስትራክት (የብዙ ዳታ ጥቅል) ፖይንተር፣ ማለት አድራሻውን፣ ብቻ ለመጠቀም ሙሉ ሄደር የሚጎትት ሰው ነው፣ የስትራክቱን ስም ከላይ ዲክሌር ማድረግ ይበቃል። ሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ላይ ከአልሚዎቹ አንዱ ኢንጎ ሞልናር በ2022 መጀመሪያ ሄደር ለማቅለል ብሎ ያቀረበው ከ2,200 በላይ ፓች (የኮድ ለውጥ) ነበር፣ ነገሩ ከተተበተበ በኋላ መፍታቱ ይሄን ያህል ነው። ደግሞ በትምህርተ ጥቅስ ከጻፍከው መጀመሪያ ፋይሉ ያለበትን ፎልደር ያያል፣ በማዕዘን ቅንፍ ከሆነ እዛ አይፈልግም፣ የራስህን በጥቅስ፣ የሲስተሙን በቅንፍ አድርግ።

ጠያቂ፦
በጣም አመሰግናለሁ። እያንዳንዱን ሄደር ለብቻው ለጂሲሲ ኮምፓይለር በሲንታክስ ኦንሊ (-fsyntax-only፣ ስህተት ብቻ የሚያይበት) ሰጠሁት፣ 3 ሄደር ወደቀ፣ ሁለቱ ስቲዲኢንት ነው የጎደላቸው፣ አንዱ ግን የሌላ ሄደር ስትራክት በፖይንተር ሳይሆን በቀጥታ ውስጡ ይዟል፣ ለሱ ዲክሌር ማድረግ ብቻ አልሰራም፣ ሙሉውን አስገባሁት። አሁን በየትኛውም ተራ ይሰራል።