በ2.4 ሜትር ዲሽ የሃይድሮክሲል ሜዘር መያዝ ይቻላል?

የአዘዞው ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። አጎቴ ጣሪያ ላይ ሥራ የፈታ 2.4 ሜትር ዲሽ አለ፤ በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ኤስዲአር (የሬዲዮ ሞገድ መቀበያ) ሪሲቨርም አለኝ። በ1612 ወይም በ1665 ሜጋኸርዝ የሃይድሮክሲል ሜዘር (በጠፈር ያለ የኦኤች ሞለኪውል አጎልቶ የሚልከውን የሬዲዮ ሞገድ) ልይዝ እችላለሁ? አማካሪዬ ደግሞ «ኢንፍራሬዱን ሳታይ ሬዲዮውን ብቻ አትያዝ» ብለውኛል። ምን ማለታቸው ነው?

ሽቦ ቀጣይ፦
ወንድምአለም፣ መጀመሪያ ኤልኤንቢውን (ከዲሹ ፊት የተሰቀለውን መቀበያ) ንቀለው፤ ለቴሌቪዥን ሳተላይት የተሠራ ስለሆነ 1.6 ጊጋኸርዝ አይሰማም። 13 ሴንቲሜትር ግድም ስፋት ያላቸው ሁለት የዱቄት ወተት ጣሳዎች ፈልገህ ቀጥላቸው፤ የታችኛው ወለል እንደተደፈነ ይቅር። ከወለሉ 8 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብለህ 4.5 ሴንቲሜትር የመዳብ ዘንግ ወደ ውስጥ አስገባ። ማጉያውን እዚያው ጣሳው ላይ ስካው። ከረጅም ኬብል በኋላ ማጉላት ትርፉ ጩኸት ነው።

ማራኪ፦
ጣሳው ልክ ነው፤ ግን ልጁን በባዶ ተስፋ አንሙላው። በ1612 ጎልተው ከሚሰሙት አንዱ ቪዋይ ካኒስ ማጆሪስ የሚባለው ግዙፍ ኮከብ ነው፤ እሱ እንኳ በዚህ ዲሽ ከሪሲቨሩ የራሱ ጩኸት ከሺህ አንድ ሁለት እጅ ቢሆን ነው። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራል፤ ዲሹ የሚያየው 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ ካልተከተልከው በ20 ደቂቃ ግድም ያመልጥሃል። ከ1616 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ደግሞ የኢሪዲየም የስልክ ሳተላይቶች ይጮሃሉ። በ1665 ከሞከርክ ደብልዩ 49ን (ኮከቦች የሚወለዱበትን የጋዝ ደመና) ምረጥ፤ ጎንደር ላይ ከአናታችን ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። እኔን ብትሰማ ግን መጀመሪያ በ1420 የሃይድሮጅኑን መስመር (በጠፈር ያለ የሃይድሮጅን ጋዝ የሚልከውን ሞገድ) ያዝ (ለእሱ 15 ሴንቲሜትር ጣሳ ይሻላል)። መመረቂያህን በሜዘሩ ላይ ብቻ አትጣል።

እታለም፦
አማካሪህ ልክ ናቸው። ያረጀ ኮከብ አቧራና ጋዝ ሲተፋ አቧራው ይሞቅና ኢንፍራሬድ (በዓይን የማይታይ የሙቀት ብርሃን) ያበራል። የ1612ን ሜዘር የሚቀሰቅሰው ያው ብርሃን ነው፤ በተለይ የ35 እና የ53 ማይክሮሜትሩ። ለዚህ ነው የሁለቱ ድምቀት አብሮ ከፍና ዝቅ የሚለው። የሜዘሩ ስፔክትረም (የሞገዱ ድምቀት በፍሪኩዌንሲ ሲሳል) ሁለት ቀንድ አለው፦ አንዱ ወደ እኛ ከሚመጣው የጋዝ ቅርፊት፣ ሌላው ከሚሸሸው። የቀንዶቹን የፍጥነት ልዩነት ለሁለት ስታካፍል የቅርፊቱን ፍጥነት ታገኛለህ፤ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከ10 እስከ 20 ኪሎሜትር ነው። የኋለኛው ቀንድ ዘግይቶ ነው የሚደምቀው። መዘግየቱ የቅርፊቱን ስፋት ይነግርሃል፤ በሰማይ ላይ የሚታየው መጠኑ ከተለካ ደግሞ ርቀቱን። ሰማዩን በኢንፍራሬድ የቃኘው የ1983ቱ የአይራስ ሳተላይት የ12፣ የ25 እና የ60 ማይክሮሜትር መረጃ በነፃ ይወርዳል። ከታተሙ የ1612 ስፔክትረሞች ጋር አጣምረው፤ ካፌ ቁጭ ብለህ የሚያልቅ ፕሮጀክት ነው።

የአዘዞው ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ እንደሱ አደርጋለሁ። ሃይድሮጅኑን ግን ክረምት ላይ ብሞክር ደመናው አያስቸግርም?

ሽቦ ቀጣይ፦
ለዚህ ሞገድ ደመና ምንም አይደለም። መብረቁን ፍራ። ነጎድጓድ ሲጀምር ኬብሉን ንቀልና ከጣሪያ ውረድ።