«ተባረሩ» ወይስ «ሄዱ»? የሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) በርገሮች ነገር

የሸገር ልጅ፦ ትናንት እዚህ አንድ ሰው «በርገሮቹ ከስሪላንካ ተባረሩ» ብሎ ጽፎ እብስ አለ። ማን አባረራቸው? እ.ኤ.አ. በ1956 የጠቅላይ ሚኒስትር ባንዳራናይኬ መንግሥት የብዙኃኑን ቋንቋ ሲንሃላን ብቸኛ የመንግሥት ቋንቋ አደረገ። በቃ። ውጡ ያላቸው የለም። በርገሮች እዚያ የቀሩ የአውሮፓውያን፣ በተለይ ደሴቲቱን ይገዛ የነበረው የደች (የሆላንድ) ንግድ ኩባንያ ሰዎች፣ ዘር ናቸው። እንግሊዝ በ1796 ሲመጣ ቋንቋውን ቶሎ ለመዱና ቢሮውን፣ ባቡሩን፣ ፖስታውን ያዙ። ወንበሩ ሲነቃነቅ ወደ አውስትራሊያ ሄዱ። ይኼ መባረር ነው?

ጥቁር ቡና፦ እኔ የሚበላው በርገር መስሎኝ ነው የገባሁት ሃሃ

አቦል፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እብስም አላልኩም፣ ተኝቼ ነበር። ያቺ «በቃ» ያልካት ነገር ግን! ቤቱ ከልጅነቱ እንግሊዝኛ ሲያወራ ያደገ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ፣ በሃምሳ ዓመቱ የሲንሃላ ፈተና ተቀመጥ ሲባል «በቃ» ነው?

የሸገር ልጅ፦ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው የአገሩ ታሚሎችስ? ሕጉ እነሱንም መታ። ለእነሱ ግን አውስትራሊያ በር አልከፈተችም።

የሜልበርኗ፦ በር ተከፈተ ትላላችሁ፣ እንዴት እንደተከፈተ ልንገራችሁ። ጎረቤቴ በርገር ናቸው፣ ሰማንያ አልፏቸዋል። በዚያን ጊዜ ለመግባት ደምህ 75 በመቶ አውሮፓዊ መሆኑን ማሳየት ነበረብህ፣ መልክህም ይታያል። ታላቅ ወንድማቸው ጠቆር ስለሚል አባታቸው በሱ ምክንያት እንቅልፍ አጥተው ነበር ይላሉ። በፈረንጅ ገና ላምፕራይስ ያመጡልኛል፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የተጋገረ ሩዝ በሥጋ። እኔ ደግሞ ጾም ላይ ነኝ። ፍሪዘር አስገብቼ ለኛ ገና አወጣዋለሁ።

ጥቁር ቡና፦ ፍሪዘር! ነውር ነው እህቴ፣ ለእኔ ላኪው።

የሸገር ልጅ፦ ሴትዮዋን አከብራለሁ። ግን የዘር ቆጠራውን አውስትራሊያ አላስተማረቻቸውም። የደች በርገር ማኅበር በ1908 ኮሎምቦ ሲቋቋም በአባት መስመር ከደች ካልተወለድክ አባል አትሆንም። በምሥራቅ ስሪላንካ ያሉት የባቲካሎዋ በርገሮች፣ እነዚያ የፖርቱጋል ክሪዮል (ከፖርቱጋልኛ የተወለደ ቅይጥ ቋንቋ) የሚያወሩ አናጢዎችና አንጥረኞች፣ ውጭ ቀሩ። ዛሬም እዚያው ባቲካሎዋ አሉ። እነሱን ማን አባረራቸው?

አቦል፦ አንድ ማኅበር ይዘህ ሕዝብ አትፍረድ። ጠበቃው ሎሬንዝም በርገር ነው፣ በ1859 ጋዜጣ ገዝቶ የእንግሊዝን አስተዳደር ሲተች የነበረው። እሱም ወንበሩን ሲጠብቅ ነው?

የሸገር ልጅ፦ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ጠርተህ ነው የ1956ቱን የምትመልስልኝ?

ጥቁር ቡና፦ ቆይ፣ ይኼ የአንድ ቋንቋ ነገር የሲሎን ብቻ ነው እንዴ?

የሜልበርኗ፦ ኧረ ወንድሜ፣ ወደኛ ሰፈር አታምጣው፣ እዚህም አንተርፍ።

የሸገር ልጅ፦ አቦል፣ በአንድ ቃል መልስልኝ። ተባረሩ ወይስ ሄዱ?

አቦል፦ መጀመሪያ «በቃ»ህን አንሳ።