ያገለገለ ቼንሶ ገዝቼ ባርና ሰንሰለቱ አስቸገረኝ፤ 72 ጥርስ ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?

የተክልዬ ልጅ

ሰላም ጓዶች። ተክለሃይማኖት አካባቢ ትንሽ የእንጨት ቤት አለችኝ። አጣና፣ ሞራሌ፣ አንዳንዴም ከፈረሰ ቤት የወጣ ወራጅ እየገዛሁ ቆርጬ እሸጣለሁ። ባለፈው ወር ያገለገለ ቼንሶ ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ ስቲል ኤምኤስ 381 ይላል፣ ኦርጅናል ይሁን የቻይና ቅጂ እሱን ፈጣሪ ይወቀው። ሞተሩ ግን ጨዋ ነው፣ ሁለቴ ስስበው ይነሳል።

ችግሩ ከፊት ነው። ቀጥ ብሎ አይወርድም። ግንዱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ወደ ቀኝ ይጠማዘዝና ቁራጩ እንደ ሙዝ ሆኖ ይወጣል። ስለው ስለው ያው ነው። ሰንሰለቱም አልቋል፣ መቁረጫ ጥርሱ የጥፍር ቁራጭ ነው የሚያክለው።

ስለዚህ ቆጠርኩ። ከታች ባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ጠፍጣፋ ብረት) ቦይ ውስጥ የሚገባው ጥርስ 72 ነው። አንድ ሱቅ ሄጄ «ባለ 72 ስጠኝ» አልኩት፣ ከካርቶን አውጥቶ ሰጠኝ። ቤት ወስጄ ላጠልቀው ስል ከአራት ጣት በላይ አጠረ። ባሩን እስከ መጨረሻ ወደ ኋላ ገፍቼም አልሆነም። መልሼ ስወስድለት «አንተ ነህ 72 ያልከኝ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ግን እኮ ቁጠረው ብዬ አስቆጥሬዋለሁ፣ 72 ነው!

አሁን ባሩንም ልቀይር አስቤያለሁ፣ የባሩ ጽሑፍ ግን ተፍቆ ጠፍቷል። ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? ጓደኛዬ ደግሞ ከቀየርክ አይቀር ባለ 25 ኢንች ግዛ እያለ ይወተውተኛል።

ቶርኖ ቤት

ወንድሜ፣ ሻጩም አልዋሸህም አንተም አልተሳሳትክም፣ ሁለታችሁም ግማሹን ነው የተናገራችሁት። የጥርስ ቁጥር ብቻውን ምንም አይደለም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ፒች ነው፣ ማለትም ሪቬቶቹ (ሰንሰለቱን የሚያያይዙት ችንካሮች) ምን ያህል ይራራቃሉ።

አለካኩ ቀላል ነው። ተከታታይ ሦስት ሪቬት ያዝ። ከመጀመሪያው መሀል እስከ ሦስተኛው መሀል ለካ። 19 ሚሊ አካባቢ ከሆነ ፒቹ 3/8 ኢንች ነው። 16.5 ከሆነ 325 የሚሉት ነው። 20.5 ከሆነ 404 ነው፣ እሱ እንደ ድሮው ስቲል 070 ላሉ ትልልቆቹ ነው።

የገጠመህን ልንገርህ። በ3/8 ሰንሰለት 72 ጥርስ ማለት የ20 ኢንች ባር ልክ ነው። በ325 ደግሞ ያው 72 በየሱቁ የሞላው የቻይናው ባለ 52 እና ባለ 58 ሲሲ ማሽን የ18 ኢንች ባሩ ልክ ነው። የሰጡህ እሱን ነው፣ ራሴን አስይዛለሁ። ሂሳቡን ሥራው፣ የሁለቱ ዙሪያ 18 ሳንቲ ሜትር ይለያያል። በባሩ ርዝመት ሲታይ ግማሹ ነው፣ 9 ሳንቲ። ይኸው አራት ጣትህ።

ደግሞም በግድ ቢገባ እንኳ አይሠራም ነበር፣ ምክንያቱም ሞተሩ ላይ ያለው ማዞሪያ ጥርስ የ3/8 ከሆነ የ325 ሰንሰለት እላዩ ላይ አይቀመጥም፣ ይዘላል፣ ሁለቱንም ይበላቸዋል።

ሰባተኛ ነኝ

ቶርኖ ቤት ጨርሶታል፣ እኔ ውፍረቱን ልጨምር። ባሩ ውስጥ የሚገባው ጥርስ ስንት ሚሊ ነው? 1.3፣ 1.5፣ 1.6 አለ። የ1.6 ሰንሰለት በ1.5 ቦይ አይገባም፣ እሱስ ግልግል ነው፣ ወዲያው ታውቃለህ። የሚያታልለው ተቃራኒው ነው። 1.5 ሰንሰለት በ1.6 ባር ላይ ይገባል፣ ይዞራል፣ ሻጩም «አየህ ገባ» ይልሃል። ከዚያ ሲቆርጥ ይወላገዳል፣ አንተ ሞረድህን ትራገማለህ።

ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ከሌለህ ሰንሰለቱ ላይ ያለውን ማህተም እይ። የስቲል ኩባንያ ሰንሰለት ከሆነ የታችኛው ጥርስ ላይ አንድ ቁጥር ተመትቷል፦ 3 ካለ 1.3፣ 5 ካለ 1.5፣ 6 ካለ 1.6 ነው። ከላይ ከመቁረጫው ፊት ያለችው ጉብታ ላይ ደግሞ የፒቹ አለ፦ 2 ማለት 325፣ 3 ማለት 3/8፣ 4 ማለት 404። በጣም ያለቀ ሰንሰለት ላይ የላይኛው በሞረድ ተበልቶ ይጠፋል፣ የታችኛው ግን ብዙ ጊዜ ይነበባል። በቤንዚን እጠበውና በስልክህ መብራት ፈልገው።

የሽሮ ሜዳ ቆራጭ

ሃያ ዓመት ሙሉ ቼንሶ ይዤ የእንጦጦን ቁልቁለት ወጥቼ ወርጃለሁ፣ እንዲህ ብዙ ቁጥር ሰምቼ አላውቅም። አሮጌውን ሰንሰለትና ባር በማዳበሪያ ጠቅልለህ ይዘህ ሂድ፣ ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን አነባብር፣ በቃ።

ባሩን ግን ቶሎ አትጣል። መጀመሪያ ገልብጠኸው ታውቃለህ? ብዙ ሰው አንዴ ከገጠመው አይገለብጠውም። ባር በየጊዜው ላይና ታቹ ሲገለበጥ ነው እኩል የሚያልቀው። የቦዩ ጠርዝ እንደ ምላጭ ወደ ውጭ ከወጣ በጠፍጣፋ ሞረድ አስተካክለው። ወደ ቀኝ የሚሄድብህ የአንዱ ጎን ጥርስ ከሌላው አጥሮ ሊሆንም ይችላል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ሲስል አንዱን ጎን አጥብቆ ሌላውን ዳበስ አድርጎ ነው የሚያልፈው። እኔም እንደዛው ነኝ፣ ስለዚህ በዛኛው በኩል ሁለት ምት እጨምራለሁ።

ቶርኖ ቤት

ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግን ባሩ ያለቀ እንደሆነ መገልበጥ አያድነውም። መለያው ይኸው፦ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ባሩ ጎን ላይ አስደግፈህ ከመቁረጫው ጥርስ ጋር አስነካው። በማስመሪያውና በባሩ መሀል ክፍተት ከቀረ ባሩ ገና ነው። ሰንሰለቱ ጋደል ብሎ ማስመሪያው ባሩ ላይ ልጥፍ ካለ ቦዩ ሰፍቷል። ጥልቀቱንም ለካ፣ ለ3/8 ቢያንስ 6 ሚሊ መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ጥርሱ የቦዩን ወለል ይነካል፣ ያ ባር ለብረት ሰብሳቢ ነው።

የተክልዬ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ። ለካሁ። ሦስቱ ሪቬት 19 ሚሊ። ከታች ቁጥሩ 6 ነው፣ ሁለት ጥርስ ላይ አነበብኩት። ማስመሪያው ልጥፍ አለ፣ ምንም ክፍተት የለም። ጥልቀቱ ደግሞ 5 አይሞላም። ስለዚህ ባሩ ሞቷል ማለት ነው።

የ25 ኢንቹስ ነገር? የተቃጠለ ዘይትስ ለባሩ ይሆናል? የሸጠልኝ ሰው እሱን ነው ስጠቀም የኖርኩት ብሎኛል።

ሰባተኛ ነኝ

ባሩ የሞተው በዚያ ዘይት ነዋ! የተቃጠለ ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝና ጥቀርሻ አለ፣ ቦይህን እንደ ሞረድ ነው የሚስለው፣ ቀዳዳውንም ይደፍናል። የባር ዘይት ካጣህ ቢያንስ አዲስ የሞተር ዘይት አድርግ። ከመቁረጥህ በፊት ጫፉን ወደ ነጭ ካርቶን አዙረህ ጋዝ ስጠው፣ ቀጭን የዘይት መስመር ካልጣለ ቁም።

25 ኢንቹን ተወው። ማሽኑ 72 ሲሲ ነው፣ መሸከሙን ይሸከማል። ግን አንተ የምትቆርጠው አጣናና ሞራሌ ነው። ረጅም ባር ማለት ብዙ ጥርስ፣ ብዙ መሳል፣ ብዙ ዘይት፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ ደግሞ ጫፉ ያላየኸውን ነገር ነክቶ ወደ ፊትህ ይመለሳል። 20 በቂህ ነው። እንዲያውም ለአንተ ሥራ 18 ብትወስድ አይቆጭህም፣ እሱ በ3/8 ባለ 66 ጥርስ ነው። በነገራችን ላይ የሰንሰለት ብሬኩ ይሠራል? ያገለገለ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ ቀበቶው ተነቅሎ ነው የሚሸጠው።

ሌላ ሳልረሳ፣ የባሩ እግር። ብሎኖቹ የሚገቡበት ክፍት ለአንተ ማሽን 12 ሚሊ ነው። ለሁስክቫርና (ሌላ የቼንሶ ብራንድ) የተሠራው ጠበብ ይላል፣ 9 ሚሊ። ሻጩ «በቶርኖ ይሰፋል» ካለህ ውጣ። ቢሰፋ እንኳ የዘይት ቀዳዳው ከማሽኑ ቀዳዳ ጋር ላይገጥም ይችላል፣ ያኔ አዲሱን ባር በአንድ ቀን ታቃጥለዋለህ።

ቶርኖ ቤት

እስካሁን የተናገረው ከሌለ እኔው ልበል፦ ማዞሪያውን ጥርስም ቀይር። በላዩ ላይ ሰንሰለቱ የበላው ጎድጓዳ ከግማሽ ሚሊ ካለፈ አዲሱን ሰንሰለት በወር ያበላሽብሃል። ሁለት ሰንሰለት ሲያልቅ አንድ ማዞሪያ መቀየር ነው ደንቡ። የአንተ በትንሽ ክሊፕ የተያዘ ከሆነ በካቻቢቴ ይወጣል። ፍሪሲዮኑ ከፊት የሆነበት ማሽን ግን የብሎኑ ጥርስ የግራ ስለሆነ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ነው የሚፈታው። ስንቱ አጥብቆ ሰብሮ መጥቶብኛል።

የሽሮ ሜዳ ቆራጭ

አንድ ነገር ረስታችኋል። ይሄ ልጅ ከፈረሰ ቤት የወጣ ወራጅ እቆርጣለሁ ብሏል። ሚስማር አለበት! ማዕዘኑ ሹል የሆነውን ጥርስ አትግዛ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ እንደ ጎመን ይቆርጣል፣ በደረቀና አቧራ በጠጣ እንጨት ላይ ግን ከምሳ በፊት ይደንዛል። ማዕዘኑ ክብ ያለውን ውሰድ። ትንሽ ይዘገያል እንጂ ስለቱ ይቆያል። ሚስማር ግን ሁለቱንም አይምርም። አሮጌውን ሰንሰለት ለወራጅ ብለህ አስቀምጠው።

የተክልዬ ልጅ

ተመለስኩ። ዛሬ ጠዋት አሮጌውን ሁሉ በማዳበሪያ ጠቅልዬ (ጋሼ እንዳሉት) መርካቶ ወጣሁ። የመጀመሪያው ሱቅ «ስንት ጥርስ?» ሲለኝ «3/8፣ 1.6፣ 72፣ ክብ ማዕዘን» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ዋጋውን ከትናንቱ ሰው አሳንሶ ጠራ። ባሩን ማሽኑ ላይ ካላስቀመጥኩ አልከፍልም አልኩ። አንደኛው ባር የዘይት ቀዳዳው አልገጠመም፣ ሁለተኛው ገጠመ። ማዞሪያውንም ገዛሁ፣ በክሊፕ ነበር፣ ክሊፑ ተፈናጥሮ ጠፍቶ ግማሽ ሰዓት በእምብርክክ ስፈልግ ነበር።

20ውን ነው የወሰድኩት። ጓደኛዬ እስካሁን አኩርፏል።

ሰንሰለቱን ዘይት ውስጥ ላሳድረው ነው ወይስ ዛሬውኑ ልጀምር?

ሰባተኛ ነኝ

አሳድረው። ነገ ትንሽ ቆርጠህ አቁም፣ አዲስ ሰንሰለት ይረዝማል፣ እንደገና ወጥረው። ማታ ስትጨርስ ግን ላላ አድርገው። ትኩሱን እንደወጠርከው ካሳደርከው ሲበርድ ይኮማተርና የሞተሩን ዘንግ ይጎትተዋል። ሞረድህስ ስንት ሚሊ ነው? ለስቲል 3/8 5.2 ነው።

የተክልዬ ልጅ

4.8። አሁን ገባኝ ለምን እንደማይስል። ነገ ደግሞ ለሞረድ እወጣለሁ ማለት ነው።