«የባሰበት ተሳፍሮ መሄድ ነው» ላለው ሰውዬ

ታዛቢው፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ ስለ ሐኪም እጥረት ሲወራ አንዱ እንግዳ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ትንሽ ከተማ ውስጥ የቤተሰብ ሐኪም ፍለጋ መዋተት ምን ያደርጋል፤ የባሰበት ተሳፍሮ መሄድ ነው።» ደሜ ፈላ። እናቴ ግፊትም የጉልበት ሕመምም አለባት። አንዱ ሐኪም ለግፊቷ ኢናላፕሪል ከሚያሸና መድኃኒት ጋር አዘዘላት፣ ሌላው ለጉልበቷ ዳይክሎፌናክ ጨመረ። ሦስቱ ሲገናኙ ኩላሊት ሊጎዱ እንደሚችሉ የነገረችን የፋርማሲዋ ልጅ ናት። ሁለቱም ሐኪሞች ተሳፍረን ሄደን ያገኘናቸው ናቸው!

ኮስታራው፦ ወንድሜ፣ ሰውየው ምን አጠፋ? እኔ ልቤን ሲያመኝ የልብ ስፔሻሊስት ነው የምፈልገው፣ ሁሉን እነካካለሁ የሚል አይደለም።

ወለላ፦ ማን ስለ ልብ አወራ? ግፊት ለመለካት ነው ሰው የሚሳፈረው? ደግሞ የቤተሰብ ሕክምና ራሱ ስፔሻሊቲ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ።

ኮስታራው፦ የሁሉም ነገር ስፔሻሊስት! ይኼም አለ ለካ።

ወለላ፦ ሳቅ። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2001 ሰውን ሁሉ በቋሚ ሐኪም ስም መዝግባለች። በኋላ ሲጠና፣ ከ15 ዓመት በላይ አንድ ሐኪም ጋ የቆዩት የመሞት ዕድላቸው ሐኪማቸውን ካወቁ ዓመት ካልሞላቸው በ25 በመቶ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የልብ ሐኪሙ ጋ በጊዜ የሚልክህም እሱው ነው።

ኮስታራው፦ ኖርዌይ! ሰውየው ያወራው ስለ ኖርዌይ ነው?

ባለ ጋወኑ፦ ትንሽ ከተማ የሠራሁ ሐኪም ነኝ። ሌሊት የሚጠራው አንተን ነው፣ መንገድ ላይ የላቦራቶሪ ውጤት የሚዘረጋልህም ላንተ ነው። ዕረፍት ልውጣ ብትል የሚተካህ የለም። ለትዳር ጓደኛህ ሥራ አይገኝም። እንግዳው ያላየው ይህን ነው፤ ከበሽተኛው በፊት ተሳፍሮ የሚሄደው እኮ ሐኪሙ ነው።

ኮስታራው፦ ይኸው፣ እርስዎም ሄደዋል። ክርክሩ አለቀ።

ታዛቢው፦ ምኑ ነው ያለቀው? ሐኪም አይቆይም ማለትና ሐኪም አያስፈልግም ማለት አንድ ነው? ቱዶር ሃርት የሚባል ሐኪም የዌልስ የከሰል ማዕድን መንደር ውስጥ እየሠራ እ.ኤ.አ. በ1971 የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ጥሩ ሕክምና አብዝቶ ከሚያስፈልገው ሕዝብ ይሸሻል።

ዝምታ ወርቅ፦ እኔ ደግሞ አውቄ ነው ተሳፍሬ የምሄደው። ያለን ሐኪም አንድ ነው፣ እሱም የአጎቴ ጓደኛ። ካርድ ክፍል ያለችው ጎረቤታችን ናት። ስለ ወሊድ መከላከያ ልጠይቅ ብገባ ካርዴ ሳይወጣ ወሬው ቤት ይደርሳል።

ወለላ፦ እህቴ፣ ሐኪሙ ምን አደረገሽ? ምስጢር መጠበቅ ግዴታው ነው።

ዝምታ ወርቅ፦ የእሱ ግዴታ የጎረቤቴን አፍ ይዘጋል?

ኮስታራው፦ ሃሃ! መልሺ እንጂ ወለላ።

እናትዬ፦ ክርክራችሁ ይቆየኝና እኔ አሁን ሐኪም እየፈለግሁ ነው። በምን ይታወቃል?

ባለ ጋወኑ፦ ነርሶቹንና ፋርማሲዎቹን ይጠይቁ፣ ማን እንደሚቆይ ያውቃሉ። ሲያገኙት «አዲስ ታካሚ ይቀበላሉ? እርስዎ በሌሉ ጊዜ ማን ያየኛል?» ይበሉት። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ይዘው ይግቡ፣ የሚቀባውም አይቅር።

ኮስታራው፦ ከተገኘ ነዋ።

ባለ ጋወኑ፦ እንዲገኝማ መንገድ አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ከገጠር የመጡ ተማሪዎችን ተቀብሎ ማሠልጠን ነው፤ ገጠር የመሥራት ዕድላቸው ከሌላው ይበልጣል።

ዝምታ ወርቅ፦ ተመልሶ የሚመጣው የሰፈር ልጅ ደግሞ የማን ዘመድ ሊሆን ነው?

ወለላ፦ አንቺ ደግሞ ሐኪም ከማርስ ይምጣልሽ?

ዝምታ ወርቅ፦ ካርድ ክፍሏን ይዞልኝ የሚሄድ ከሆነ ይምጣ።

ኮስታራው፦ ዶክተር፣ እርስዎስ የየት ልጅ ነዎት? እሱን ሳይነግሩን።