ጥቆማ፦ ድረ ገጻችሁ ማይክና ካሜራ አልከፍት ላላችሁ፣ የቱን መጠቀም ይሻላል?

ሰሞኑን ይሄ ጥያቄ በዝቷል። በተለይ ውጭ ላሉ ልጆች አማርኛ በኦንላይን ከምታስተምሩት። ልጁ አንብቦ ድምፁን የሚቀዳበት ገጽ ትሠራላችሁ፣ በላፕቶፓችሁ ላይ አንድም እንከን የለው። ሊንኩን ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለች እናት ስትልኩላት ግን «ኖት አላውድ ኤረር» (አልተፈቀደም) ይላታል፣ ወይም ቁልፉን ስትጫነው ዝም ይላል። ከዚያ አንዱ «ብሮውዘር ቀይሩ» ይላል፣ ሌላው «ፎርማት አስደርጉት» ይላል። እባካችሁ ፎርማት አታስደርጉ። ለዚህ ነገር ላፕቶፕ ተሸክሞ ጥገና ቤት መሄድ ብር መጣል ነው።

ብሮውዘር ማንኛውንም ገጽ አጥር ውስጥ አድርጎ ነው የሚያስኬደው። ሳንድቦክስ የሚባለው ይሄ ነው። ማይክ፣ ካሜራ፣ ስክሪን ማጋራት፣ ሁሉም ከአጥሩ ውጭ ናቸው፤ በፈቃድ ነው የሚገኙት። ፈቃዱ ደግሞ አድራሻው ላይ፣ ገጹ የተቀመጠበት ፍሬም (አንድ ገጽ በሌላ ገጽ ውስጥ የሚታይበት ሳጥን) ላይ፣ ብሮውዘሩ ላይ ወይም ስልኩ ራሱ ላይ ሊቆም ይችላል። የቱ ጋ እንደቆመ ሳታውቁ መሣሪያ አትቀይሩ።

ከአድራሻው ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚያዘው እዚህ ነው። ገጹ ኤችቲቲፒኤስ (በhttps የሚጀምር፣ የተመሰጠረ አድራሻ) ካልሆነ ክሮም ማይክ አይሰጥም። ይህን የዘጋው በፈረንጆቹ 2015 መጨረሻ በወጣው ቁጥር 47 ላይ ነው። ሎካልሆስትን (ገጹን ከዚያው ከራሱ ኮምፒውተር የሚከፍተውን አድራሻ) ግን ያምነዋል፤ እናንተ ጋ ሠርቶ ሌላ ሰው ጋ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ስልካችሁን ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ዋይፋይ አገናኝታችሁ በ192.168 በሚጀምር አድራሻ ስትከፍቱት ደግሞ ስህተቱ ስለ ፈቃድ እንኳን አያወራም፤ ጃቫስክሪፕቱ (የገጹ ኮድ) ማይክና ካሜራ የሚጠየቅበትን «ሚዲያ ዲቫይስስ» የሚባለውን ነገር ጭራሽ አያገኘውም፣ «አንዲፋይንድ» (የለም) ብሎ ያልፋል። ያኔ ኮዱን ስትገለብጡ አትደሩ፣ አድራሻውን እዩ።

ለመሞከሪያ የምጠቁመው ክላውድፍሌር ተነልን ነው። አካውንት ሳትከፍቱ በአንዲት ትእዛዝ ላፕቶፓችሁ ላይ ላለው ገጽ ኤችቲቲፒኤስ አድራሻ ይሰጣችኋል፣ እሱን ለማንም መላክ ነው። ንግሮክም ያው ሥራ ይሠራል፣ ግን አካውንት ይጠይቃል፣ በነፃው ደግሞ ከገጹ በፊት የማስጠንቀቂያ ገጽ ያመጣል፤ ለወላጅ ሲላክ ያስደነግጣል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ሰፈር ላላችሁ ወይም ዳታ ለምትቆጥቡ ግን ከሁለቱም ኤምኬሰርት ይሻላል። ለኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬት ራሳችሁ ጋ ይሠራላችኋል፣ ያለ ኢንተርኔት በቤት ዋይፋይ ብቻ ትሞክራላችሁ። ጣጣው ሰርተፊኬቱን ስልኩ ላይ መጫን አለባችሁ፤ ስለዚህ ለራሳችሁ ስልክ እንጂ ለደንበኛ አይሆንም።

ለሚዘልቀው ሥራ ሆስቲንግ (ገጹ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበትን ቦታ) ስትመርጡ፣ ገጹ ብቻ ከሆነ ጊትሃብ ፔጅስ ወይም ኔትሊፋይ ይበቃል። ነፃ ናቸው፣ ኤችቲቲፒኤሱም አብሮ ይመጣል፣ የውጭ ካርድ ለሌለው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ቅጂውን ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ሰርቨር ካስፈለጋችሁ ግን እኔ ወደ አገር ውስጥ ሆስቲንግ አደላለሁ። በብር ትከፍላላችሁ፣ ሲበላሽም ደውላችሁ በአማርኛ ታወራላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ሌትስ ኢንክሪፕት አላችሁ ወይ፣ በራሱስ ይታደሳል?» ሌትስ ኢንክሪፕት እኮ የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፊኬት በነፃ የሚሰጥ ነው። ለብቻው ካላስከፈልን የሚል ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

አድራሻው ደህና ሆኖ እምቢ ካለ ፍሬሙን እዩ። ከሌላ ዶሜይን የመጣ የቪዲዮ ክፍል በገጻችሁ ውስጥ በአይፍሬም ስታስገቡ፣ ፍሬሙ ላይ «አላው» በሚለው ቦታ ካሜራና ማይክሮፎን ተብሎ ካልተጻፈ የውስጡ ገጽ መጠየቅ እንኳን አይችልም። ተጠቃሚዋ ጥያቄው ብቅ ሳይል ነው የተከለከለችው፤ «አላው የሚለውን ተጫኚ» ብትሏት የምትጫነው ነገር የለም። ጂትሲ የሚባለውን የቪዲዮ ስብሰባ መሣሪያ ለምትጠቀሙ፣ ፍሬሙን በእጅ ከመጻፍ ኤክስተርናል ኤፒአይ የሚሉትን ውሰዱ፤ ፈቃዶቹን ራሱ ይሞላቸዋል። ፍሬሙ ላይ «ሳንድቦክስ» የሚል ቃል ካለ ደግሞ ያ ሌላ አጥር ነው፤ «አላው ስክሪፕትስ» ካልተጨመረበት ጃቫስክሪፕት አይሠራም፣ «አላው ሴም ኦሪጅን» ከሌለ ሎካል ስቶሬጅ (ገጹ ብሮውዘሩ ውስጥ መረጃ የሚያስቀምጥበት) ስትነኩ «ሴኩሪቲ ኤረር» ይመጣል። ሁለቱን አብራችሁ የምትሰጡት ግን ከሌላ ዶሜይን ለመጣ፣ ለምታምኑት ገጽ ብቻ ይሁን። የራሳችሁ ዶሜይን ላይ ያለ ገጽ ሁለቱን ካገኘ አጥሩን ራሱ አንስቶ መውጣት ይችላል።

ዎርድፕረስ ላይ የሠራችሁ፣ የደህንነት ፕለጊኑን ሳትፈትሹ አትለፉ። «ፐርሚሽንስ ፖሊሲ» የሚባል ሄደር (ሰርቨሩ ከገጹ ጋር ለብሮውዘሩ የሚልከው መመሪያ) የሚጨምሩ አሉ። እዚያ ውስጥ ከማይክሮፎን ቀጥሎ ባዶ ቅንፍ ካያችሁ ማይኩ ለማንም ተዘግቷል ማለት ነው፣ ለራሳችሁም ገጽ ጭምር። ይቺ ቅንፍ ስንቱን ሰው ብሮውዘር እንዳስቀየረች!

ወደ ተጠቃሚዋ ስልክ ስንመጣ፣ ሊንኩን ከቻት አፕ ውስጥ ስትነካው በአፑ የራሱ ብሮውዘር ሊከፈት ይችላል። እዚያ ማይኩን የሚፈቅደው አፑ ነው፣ እሷ ብትፈልግም አፑ ካላስተላለፈ የለም። አንድሮይድ ላይ በክሮም፣ አይፎንና አይፓድ ላይ በሳፋሪ እንድትከፍተው ንገሯት። አይኦኤስ ከ14.3 በታች ከሆነ ከሳፋሪ ሌላ ምንም አትሞክሩ። አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ ላይ ከላይ ወደ ታች ሲሳብ በሚመጡት ቁልፎች ውስጥ ማይክን ለስልኩ በሙሉ የሚዘጋ አለ፤ ልጆች ይነኩታል።

እናንተም ገጹ ገና ሲከፈት ማይክ አትጠይቁ። ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይዘጋዋል፣ ሦስት ጊዜ ከዘጋው ደግሞ ክሮም ለጊዜው በራሱ ያግደዋል። መጀመሪያ «ድምፅዎን ለመቅዳት ቀጥሎ የሚመጣውን ይፍቀዱ» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉ፣ ቁልፉን ስትጫን ጠይቁ። ይሄ ቁልፍ ሌላም ይጠቅማል፤ ክሮም ድምፅ ያለው ቪዲዮ ሰው ሳይነካው እንዳይጀምር ከፈረንጆቹ 2018 ወዲህ ይከለክላል፣ «ኖት አላውድ» የሚለው ስምም እዚያ ይደገማል።

«ኖት ሪደብል ኤረር» ካያችሁ ግን የፈቃድ ጉዳይ አይደለም። ብዙ ጊዜ ካሜራውን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል፣ ዙምን ዝጉና እንደገና ሞክሩ።

እርዳታ ስትጠይቁ የስህተቱን ስም እንዳለ ገልብጣችሁ፣ አድራሻው በምን እንደሚጀምር፣ ገጹ በፍሬም ውስጥ መሆን አለመሆኑንና ስልኩ ምን እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ። «አይሠራም» ብቻ ብላችሁ አትተዉት።